ሰባት ቤት

የወንድሜን ልጅ ሊያጩ ሲመጡ፣
ሽማግሌዎቹ ወንበር ሳይመርጡ፣
አባ ተዛዙ ከዘራቸውን ተክለው
«ሰባት ቤት ቁጠሩ» አሉ፣ ኮስተር ብለው።
ተቆጠረ። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት፤
አምስተኛው ላይ ተጋጨ፤ ሰርጉ ቀረ በዚያው ሌት።
የአዳራሹ ቀብድ ቀለጠ።
ልጅቷ እስኪነጋ አለቀሰች።

በዚያው ሳምንት፣ ቂርያት ማላኺ ውስጥ፣ በዚያው ሠፈር፣
ክለባችን ለአንድ ሰው ተሰጠ፣ ሳይጠየቅ አንድ ነገር።
ሰዓቱ ትልቅ ነው። መኪናው ጥቁር።
«አምና የት ነበርክ? ከማን ተበደርክ?» ያለው አልነበረም።
ሻርፓችንን አንገቱ ላይ ጠምጥመን ዘለልን።
እኔም ዘልያለሁ። አልዋሽም።

ፈንታ እባላለሁ። ማልያ አጣቢ ነኝ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ።
የክለቡን ሆድ ዕቃ የማውቀው በልብስ ማጠቢያው በኩል ነው፦
ገንዘብ ሲኖር ክፍሉ ሳሙና ይሸታል፣
ሲጠፋ ላብ።

በመስከረም ብራዚላዊ አጥቂ መጣ፣
በጥቅምት የሜዳው ሣር ተቀየረ፣
በኅዳር ደሞዙ «ነገ» ተባለ፣
በታኅሣሥ ነገም ቀረ።
አጥቂው ሻንጣውን በቅጡ ሳይዘጋ በረረ፤
በረኛው ማታን ለቤት ኪራይ
ከእኔ ሦስት መቶ ሼቅል ተበደረ።
ዕዳውን አልጠየቅሁትም፤
ጓንቱን ግን ከወትሮው አስረዝሜ አጠብሁለት።

በየካቲት ውሃው ተቆረጠ።
በመጋቢት ፍርድ አስፈጻሚዎች መጡ፣ ሁለት ሰዎች፣ ጨዋዎች፤
ስለ ረበሹን ይቅርታ ጠየቁ።
ወንበሩን አወጡ፣ ሚዛኑን፣ የዋንጫ መደርደሪያውን፣
በመጨረሻ ማጠቢያዬን።
ሆዷ ውስጥ አምስት እርጥብ ማልያ ነበር።
«ልጭመቀው» አልኳቸው።
ቆመው ጠበቁኝ።

የባለ ሰዓቱ ስልክ ጠፋ። ሰዓቱም የሰው ነው ተባለ።
ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤
ልጆቻችን ተረቱን በአማርኛ አልሰሙትም፣
ትርጉሙን ግን ያን ዓመት ተማሩት፣ ከታችኛው ሊግ።

ዘንድሮ ሌላ መጣ።
ይህኛው ሰዓት የለውም፤ ፈገግታ አለው።
ሰዉ ሻርፕ ፍለጋ ሲሯሯጥ
እኔ፣ በስብሰባ ተናግሬ የማላውቀው፣
ከቦምብ መጠለያው ብረት በር አጠገብ ቆሜ
እጄን አወጣሁ፦
«ጌታው፣ ሰባት ቤት ይቁጠሩልን።»

አዳሜ ሳቀ።
አስናቁ አልሳቀችም፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሒሳብ ሠራተኛ፣
ያቺ ሰርጓ የቀረባት የወንድሜ ልጅ።
ብዕሯን ከፍታ የእኔን ነገር ወደ ቁጥር መለሰችው፦
«የሰባት ዓመት የባንክ ወረቀት።
ከዚህ በፊት የያዙት ድርጅት ምን ሆነ? ከዚያ በፊት የነበረውስ?
ገንዘቡ የእርስዎ ነው ወይስ ብድር? ያበደረዎትስ ከማን አመጣው?
ነገ ቢሰለቹን ዋስዎ ማን ነው?
የዓመቱ ደሞዝ፣ ኳስ ሳትለጋ፣ የት ይቀመጣል?»

ፈገግታው ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ደከመው።
«እናንተ ሰው አታምኑም?» አለ።
አባ ተዛዙ፣ ከኋላ ወንበር፣ ያንቀላፉ የመሰሉን፣
ዓይናቸውን ሳይገልጡ፦
«ልጄ፣ የምንቆጥረው ልናምነው ያሰብነውን ነው፤
ላልፈለግነውማ በር አንከፍትለትም።»
ተነሥቶ ወጣ።
አንዳንዱ በዓይኑ ገላመጠኝ፦ ሀብታም አባረርክብን ነው ነገሩ።
ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሐሙስ ተመለሰ። ካርቶን ተሸክሟል፤ አልቦታል።
አስናቁ ገጽ በገጽ ትገልጣለች፣ ምራቋን በጣቷ እየነካች።
እኔ ማልያውን በቤቴ ገንዳ አጥቤ በረንዳው ላይ ሰቅያለሁ፤
ከአራተኛ ፎቅ ሲያንጠባጥብ የታች ጎረቤቴ ይሳደባል።
ልጆቹ ከሥር ሆነው ይጮኹብኛል፦
«ፈንታ! አለፈ? ባለቤት አገኘን?»
ሦስተኛው ቤት ላይ ነን፣ እላቸዋለሁ፤
ገና አታጨብጭቡ።